ያችው ጣሳ

ወረታ ላይ ሩዝ ሸቀጥ ሆኖ ሲዞር በኪሎ ነው፤ ምግብ ሆኖ ሲዞር በጣሳ። ነጋዴው ከፎገራ ገበሬ ሲረከብ ኩንታሉን ሚዛን ላይ ያወጣል፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ ገዢም ሻጭም ዓይናቸውን አይነቅሉም። መፈልፈያ ቤቱ በሚዛን ያስከፍላል፤ ወፍጮ ቤቱም እንደዚያው። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የሚሄደው፣ በደብረ ታቦር መገንጠያ ሽቅብ የሚወጣውም መኪና የሚጠየቀው ስንት ኩንታል እንደጫነ ነው። ያው ሩዝ የማጀቱን ደፍ ሲሻገር ግን ኪሎው ደጅ ይቀራል። «ስንት ላድርግ?» «ሦስት ጣሳ።» «በየትኛው ጣሳ?» «በያችው ነዋ!» ያችው የምትባለዋ ጣሳ ድሮ የዱቄት ወተት ወይም የቲማቲም ድልህ ይዛ የመጣች፣ አፏ የተጨረመተ፣ ወገቧ የጎደጎደ፣ ከዱቄቱ ዕቃ ውስጥ ወጥታ የማታውቅ ናት። የቤቱ እንጀራ፣ የቤቱ ጠላ፣ የባለሙያዋም ስም የቆመው በእሷ ላይ ነው። ጎረቤት ተውሷት ሳይመልሳት የቀረ ቀን የዚያ ቤት ሙያ አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው፦ ለገንዘባችን የምናምነውን ሚዛን ለሆዳችን የምንነፍግበት ምክንያት የለም። ጣሳዋን እንጣላት አልልም። አንድ ቀን ሚዛን ላይ ወጥታ ስንት እንደምትይዝ ትናዘዝ ነው የምለው።

ጣሳን የሚከሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ማጭበርበርን ነው፤ ቂጧ ወደ ውስጥ የተደቆሰውን፣ ከንፈሯ የታጠፈውን። እሱ የደንብ አስከባሪ ጉዳይ ስለሆነ ለባለቤቱ ልተወው። የእኔ ክስ ጣሳዋ ንጹሕ፣ ሰፋሪዋም ቅን ሆና ሳለ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አለመስፈሯ ነው። ሩዝ ሻጯን ልብ ብላችሁ እዩ። ጣሳዋን ጆንያው ውስጥ ነክራ ታወጣለች። ከዚያ በአንድ እጇ የጣሳዋን አፍ ዙሪያ ታጥራለች፤ በሌላው እጇ ሩዙን ከላይ ታንጠባጥባለች። ክምሩ ከጣቶቿ በላይ ሾጥጦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የመጨረሻዋ ፍሬ ቦታ አጥታ ስትንከባለል ነው «በቃ» የሚባለው። ይህ ለደንበኛ ነው። ለአላፊ አግዳሚ እጅ አጥር አይሆንም፤ የፈሰሰው ይፈሳል፣ የቀረው አንድ ጣሳ ተብሎ ይጠራል። ሁለቱም አንድ ጣሳ ናቸው፤ ዋጋቸውም አንድ ነው። ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ደግሞ «መርቂልኝ እንጂ!» ይመጣና አንድ እፍኝ ይጨመራል። እፍኙም እንደ መራቂዋ ፊት ይሰፋል ይጠባል። ያ ሁሉ የገበያ ጨዋታ ነው፤ ቅር የሚለው የለም። ችግሩ ያቺው ጣሳ ከገበያ ወደ ሊጥ ስትዞር ጨዋታዋን ይዛ መዞሯ ነው። ሊጥ ምርቃት አይገባውም።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም፤ የዛሬም አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች የአገራችንን የጥንት መለኪያዎች ሲመረምር ቁናው ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን እየተለያየ ነው ያገኘው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት የሚያስፈራው እኮ ቁናው አንድ ከሆነ ነው። የሰፈሩበት የአንዱ አገር፣ የሚሰፈሩበት የሌላው አገር ከሆነ ማን እንደተጎዳ ለማወቅም ያስቸግራል። መንግሥት ይህን አይቶ በ1950ዎቹ አጋማሽ የሚዛንና የመስፈሪያ አዋጅ አወጣና ሜትሪክን አጸደቀ። ዛሬ ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑን የሚከራከር የለም። አዋጁ ኩንታል የሚመዘንበት ገበያ ድረስ ዘልቋል፤ ማጀት ግን አልገባም። ባሕር ማዶም ቢሆን እንዲሁ ነው። ፋኒ ፋርመር የተባለች የቦስተን ሴት እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ፣ ኩባያም ማንኪያም አፉ ድረስ ሞልቶ በቢላ ጀርባ ይጠረግ ብላ አስተማረች። በእኛ ገበያ እንዲህ ያደረገች ሰፋሪ በዚያው ዕለት ስሟ ይጠፋ ነበር። አሜሪካኖች ግን ሰሟት፤ እስከ ዛሬም በኩባያ ይጋግራሉ። ኩባያቸው ደግሞ 236 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የአውስትራሊያው 250 ነው። ከጃፓን የሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው 180 ብቻ ነው፤ የማብሰያው ሆድ ላይ የተሰመሩት የውሃ መስመሮች የሚያውቁትም እሱን እንጂ ሌላ ኩባያ አይደለም። ቨርጂኒያ ሆና ወደ ወረታ የምትደውል ልጅ «ሦስት ጣሳ» ሲሏት በእነዚህ ሁሉ መካከል ቆማ ነው የምታበስለው።

እህል ይሻላል፤ ፍሬ ስለሆነ ብዙ አይታመቅም። ጉዱ ያለው ዱቄት ላይ ነው። ከወፍጮ ትኩስ የወጣ ዱቄት አየር ይዟል። ጆንያ ውስጥ የከረመው፣ ከላዩ ሌላ ጆንያ የተጫነበት ተጠቅጥቋል። በወንፊት ያለፈው መልሶ ይነፋል። ያቺ የአሜሪካኖች ኩባያ የስንዴ ዱቄት ቀስ ተብሎ በማንኪያ ሲጨመርባት 120 ግራም ገደማ ትይዛለች፤ ራሷ ዱቄቱ ውስጥ ተነክራ ስትወጣ ግን 150 ትደርሳለች። ዕቃው ያው፣ ዱቄቱ ያው፣ እጁም ያው፤ ልዩነቱ ሩብ ያህል! ዳቦው የደረቀባት ሴት እርሾውን፣ ምድጃውን፣ መብራት ኃይልን፣ ሲብስም የጎረቤትን ዓይን ትከሳለች። ጣሳዋን ግን አትጠረጥርም። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ደቃቁ ጨው በአንድ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ይሞላል፤ ጠጠር ጠጠር ያለው በዚያው ማንኪያ ያንሳል፣ በየጠጠሩ መካከል ባዶ ቦታ አለና። የዓባይ ማዶ ዘመድ የላከላችሁን ጨው ጨምራችሁ ወጡ አልጣፍጥ ካለ፣ ዘመድ ከማማታችሁ በፊት የጠጠሩን መጠን እዩት።

ፎገራ ላይ ደግሞ የጣሳ ነገር ጓደኛ እስከ ማጣላት ይደርሳል። ሩዝ ከነቅርፊቱ ሲሆን ሆዱ ሰፊ፣ ክብደቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሊትሩ 580 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ተፈልፍሎ ሲወጣ አንድ ሊትሩ ወደ 800 ግራም ይጠጋል። መፈልፈያው ደህና ከሆነ ከአንድ ኩንታል 65 ኪሎ ያህል የተፈለፈለ ሩዝ ይወጣል እንበል። በሚዛን ያየው ሰው ሲሶ ያህሉ በቅርፊትና በብናኝ እንደሄደ ይገባዋል፤ ዱሮም የሚጠብቀው ነው። በጣሳ ያየው ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ሲገባ 170 ሊትር ገደማ ቦታ የያዘው ኩንታል ሲወጣ 80 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ግማሹ የት ገባ? በጣሳ ቆጥሮ አስገብቶ በጣሳ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ባለ መፈልፈያውን ሌባ ሳይል ወረታን አይለቅም። ባለ መፈልፈያው አንድ ፍሬ አልነካም። የጎደለው ቅርፊቱና በየቅርፊቱ መካከል የነበረው አየር ነው፤ አየር ደግሞ የሚከፈልበት ቢሆን ኖሮ የፎገራ ሜዳ ነዋሪ ሁሉ ሀብታም በሆነ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቶ በአንድ ጊዜ ወደ ሚዛን የሚዘል ሰውም አለ፤ እሱ ከጣሳ አማኙ የባሰ ሩዝ ያበስላል። «አንድ ጣሳ ሩዝ በሁለት ጣሳ ውሃ» ተብሎ ተነግሮታል። አዲስ ሚዛኑን አውጥቶ አንድ ኪሎ ሩዝ፣ ሁለት ኪሎ ውሃ ይመዝናል፤ ሩዙ ጥርስ ያነቃንቃል። ለምን ቢሉ፣ አንድ ሊትር ሩዝ 800 ግራም ሲሆን ሁለት ሊትር ውሃ ግን ሁለት ኪሎ ሙሉ ነው። በጣሳ ሁለት ለአንድ የነበረው በሚዛን ሁለት ተኩል ለአንድ ሆነ ማለት ነው። ውሃ ብቻ ነው ሊትሩና ኪሎው የሚገጥምለት፤ ፈረንሳዮች ግራምን ሲፈጥሩ መነሻ ያደረጉት እሱን ነበርና። ሌላው ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። ማር በሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዘይት 920 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን አምስት ኪሎ ዘይት የለውም፤ 4.6 ቢሆን ነው። ማርን በሊትር ዕቃ ሞልቶ «ኪሎ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ሳትከራከሩ ግዙት።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ፤ ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ከእኔ የተሻለ ወጥ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ክርክራቸው የታወቀ ነው፦ «እናቶቻችን ያለ ሚዛን አይደለም ወይ ያሳደጉን?» ልክ ነው። ግን እናቶቻችን የሰፈሩት በአንድ ጣሳ፣ ከአንድ ማሳ በመጣ እህል፣ በአንድ ወፍጮ በተፈጨ ዱቄት ነው። የጣሳውን ስህተት የሚያርም እጅም ነበራቸው፤ ሊጡን ነክተው ውሃ ይጨምሩ ነበር። ያ እጅ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው አብሮ በመቆም ነው፤ በስልክ አይተላለፍም። ለጤፍ ይህ ክርክር ያስኬዳል። ለሩዝ ግን ፎገራ ላይ ጨርሶ አይሠራም፤ የሩዝ እንጀራ ቅድመ አያት የለውማ! ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚተኙበት፣ በፎገራ ከብት የሚታወቅ ግጦሽ ነበር። ሩዝ የመጣው በ1970ዎቹ፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በረዱበት ሙከራ ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ሩዝን ወደደው፤ ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ሜዳውን ሞላው፤ አሁን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለውም እዚያው ነው። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላም አረቄም ይወጣዋል። ይህን ያህል ሙያ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የተፈጠረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጋጋሪዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ሩዙን ብቻውን ጋግረው ሲያድር እየደረቀና እየተፈረፈረ ሲያስቸግራቸው ጤፍ እየቀላቀሉ ልኩን ያገኙት እነሱ ናቸው። ልኩን በጣሳ ብቻ ትተውልን ካለፉ ጣሳዎቹ ዝገው ሲጣሉ ልኩም ይጣላል። በግራም ጽፈን ብናስቀምጠው ግን የልጅ ልጆቻቸው ቅድመ አያት ይኖራቸዋል።

ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው ይጠነክራል። «እኛ የምንሰፍረው በእጅ ነው» ይላሉ፤ «ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ። ጣሳው ትልቅ ሆነ ትንሽ ምን አገባው?» እዚህ ላይ እጅ እሰጣለሁ፤ ግን እስከ ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ ብቻ። ጤፉም የተፈለፈለው ሩዝም በፍሬው እያለ ሊትራቸው ተቀራራቢ ክብደት አለው፤ ስለዚህ በፍሬ ቀላቅሎ ለሚያስፈጭ ሰው ሁለት እጅ በአንድ እጅ ማለት በሚዛንም ያው ነው ማለት ይቻላል። በዱቄት ሲሆን ግን ይፈርሳል። የጤፍ ዱቄቷን ከቤት፣ የሩዝ ዱቄቷን ከሱቅ ያመጣች ሴት አንዱን ነፍታ ሌላውን ሳትነፋ ከሰፈረች ሁለት እጅ ያለችው ሁለት እጅ አይደለም። ከነቅርፊቱ ባለ ሩዝ የቆጠረ ገበሬም አንድ እጅ ያለው ግማሽ እጅ እንደማይሞላ ከላይ አይተናል። በዚያ ላይ ጨውም እርሾም በጣሳ አይሰፈሩም፤ እነሱ የሚጨመሩት ለጠቅላላው ሊጥ ነው፤ የጠቅላላውን ልክ ካላወቅን ደግሞ «ለምጣዱ የሚበቃ» ከማለት በቀር መልስ የለንም።

ሦስተኞቹ ብልጦች ናቸው። «ሚዛንም ይዋሻል!» ይላሉ፤ እውነትም ይዋሻል። ገና የታጨደ ሩዝ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ሊይዝ ይችላል፤ ሳይበላሽ እንዲቀመጥ ግን ወደ 14 በመቶ መውረድ አለበት። 20 በመቶ እርጥበት ያለውን አንድ ኩንታል የገዛ ሰው 20 ኪሎ ውሃ በሩዝ ዋጋ ገዝቷል፤ ያውም ከጣና ዳር፣ ውሃ በሞላበት አገር። ይህን አልክድም። ነገር ግን የሚዛን ውሸት አንድ ብቻ ነው፣ መንስኤውም ይታወቃል፣ ፀሐይ ላይ በማስጣት ይጋለጣል። የጣሳ ውሸት ግን ከእጁ፣ ከክምሩ፣ ከጉድጓዱ፣ ከአየሩ፣ ከዱቄቱ መጠቅጠቅ ነው የሚመጣው፤ በየትኛው እንደተታለላችሁ የምታውቁበት መንገድ የለም። ደግሞም የገበያ ሩዝ ይርጠብ እንጂ፣ የገዛ ዱቄቱን አርጥቦ ራሱን የሚያጭበረብር አብሳይ እስካሁን አልተሰማም።

የቀሩት ጥቂት ናቸው። ሚዛን ማጀት ሲገባ ቤቱ መድኃኒት ቤት ይመስላል የሚሉ አሉ፤ ቡና ሲቆላ መድኃኒት ቤትነቱ ይጠፋል፣ አትስጉ። ለእንግዳ የሚቀርብን መመዘን ንፉግነት ነው የሚሉም አሉ። እነዚህን አከብራለሁ። ግን የሚመዘነው ሊጡ እንጂ የሚጎረሰው አይደለም፤ ጉርሻ ላይ ሚዛን የሚያወጣ ሰው ካለ እኔም ከእነሱ ጋር ሆኜ አወግዘዋለሁ። የወጡ በርበሬም ከዚህ ክርክር ነፃ ነው። የአምናውና የዘንድሮው በርበሬ እንኳን አንድ ዓይነት አያቃጥልም፤ 50 ግራም ብሎ መጻፍ ቁጥር ማብዛት ብቻ ነው። የሊጥ ውሃንም ለእጅ እተዋለሁ፤ ዱቄት እንደ እህሉ ውሃ ይጠጣልና ቁጥሩ መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም። የአብሲትም ነገር እንዲሁ ነው። እህልና ዱቄት፣ ጨውና እርሾ፣ ቅቤና ስኳር ግን ይመዘኑ።

ለዚህ ሁሉ ሚዛን መግዛት ግድ አይደለም። ከመጽሐፍ የሌላ አገር ሰው ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ መቅዳትማ ፍጹም አያስፈልግም፤ እሱ የሚያወራው ስለ እሱ ኩባያ ነው። የሚያስፈልገው የእናንተ ጣሳ ቁጥር ነው። የወፍጮ ቤት ሚዛን ለኩንታል የተሠራ ስለሆነ አንዲት ጣሳ ብታወጡበት ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ወፍጮ ቀን ጣሳችሁን ከእህሉ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ሳትከምሩ፣ ሳትነቀንቁ፣ አፏን በእንጨት ጠርጋችሁ አሥር ጣሳ ጤፍ ባዶ ከረጢት ውስጥ ስፈሩና አስመዝኑ፤ ለአሥር አካፍሉት። ስትሰፍሩ በእጃችሁ የሚመጣው መብዛትና ማነስም እዚያው ይቻቻላል። ሩዙንም እንዲሁ አድርጉ። ሲፈጭም ዱቄቱን ድገሙት፤ ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ፣ እንዳትደነግጡ። ባለ ወፍጮው ምን ሆናችሁ ቢል «ጣሳ እያስመዘንን ነው» በሉት፤ ቢስቅም ይመዝናል። ከዚያ ቁጥሮቹን በምስማር ጣሳዋ ጎን ላይ ጫሩባት። ጎረቤት ተውሶ ቢያስቀራትም በማንኛውም በተመዘነ ጣሳ መጋገር ትችላላችሁ፤ ቁጥሩን ግን ሌላም ቦታ ጻፉት።